ነርሷ ሹመቱን ከመቀበሏ በፊት

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ነርሲንግ ሆሞች ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይሠራሉ። ብዙዎቹ የጀመሩት በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ ለዚህ ሥራ የሚጠይቀው ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት ነው። ቀጥሎ ኤልፒኤን (ፈቃድ ያላት ተግባራዊ ነርስ)፣ ከዚያ አርኤን (የተመዘገበች ነርስ) ይመጣል፤ ቀን እየተማሩ ሌሊት እየሠሩ፣ ቅዳሜና እሑድ ደብል ሺፍት እየገቡ። ስለዚህ የነርሲንግ ዲሬክተሯ አንድ ቀን ቢሮዋ ጠርታ «ዩኒት ማናጀር ብትሆኚስ?» ስትላት፣ አንዲት ነርስ ጥያቄውን እንደ ቀጣይ ደረጃ ብታየው አይገርምም። አገር ቤት ያለች እናትም ልጇ አለቃ መሆኗን ስትሰማ እልል ትላለች።

ይህኛው እርምጃ ግን ከቀደሙት ይለያል።

የአልጋ ዳር ሥራ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አዛውንት ማታ ማታ ሲቅበጠበጡ፣ ልምድ ያላት ነርስ ማስታገሻ ከማሰቧ በፊት ሽንታቸውን፣ የሆድ ድርቀታቸውን፣ የሚያማቸውን ቦታ ታያለች። ትናንት ሲጫወቱ የነበሩ እናት ዛሬ ምሳቸውን ገፍተው ዝም ካሉ፣ ሙቀታቸው ባይጨምርም ሐኪም ትጠራለች፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ኢንፌክሽን ይዞት ትኩሳት ላይኖረው እንደሚችል ታውቃለችና። አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ምሁር ፓትሪሺያ ቤነር በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት አምስት ደረጃ እንደምታልፍ ጽፈዋል። ለሹመት ውሳኔ ከሁሉ የሚጠቅመው አንድ ነጥባቸው ነው፦ የበቃች ነርስም ልምድ ወደሌላት መስክ ስትሻገር እንደገና ጀማሪ ልትሆን ትችላለች።

ማናጀርነት ደግሞ እንዲህ ያለ መስክ ነው። የሺፍት ፕሮግራም ማውጣት፣ ታምሜያለሁ ብሎ ለቀረ ሰው ምትክ መፈለግ፣ የተቆጣ ቤተሰብ ማነጋገር፣ ሳይነግሩ ለሚመጡ የስቴት ተቆጣጣሪዎች ሰነድ ማቅረብ። ትናንት አብራት እንጀራ የቆረሰችውን ባልደረባ ዛሬ ቢሮ አስገብቶ ማስጠንቀቂያ መስጠትም አለ፤ ብዙዎችን ከሥራው ይልቅ የሚያደክማቸው ይኸኛው ነው።

ገንዘቡም በደንብ መሰላት አለበት። በሰዓት የምትከፈል ነርስ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ስትሠራ በፌዴራሉ ሕግ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላታል። አርኤን ወደ ቋሚ ደመወዝ ስትዛወር ግን፣ ደመወዟ በሳምንት ቢያንስ 684 ዶላር ከሆነ፣ አሠሪው ኦቨርታይም የመክፈል ግዴታ ላይኖርበት ይችላል። በዓመት ሲታይ የጨመረ የሚመስል ደመወዝ፣ በተሠራው ሰዓት ሲካፈል ከቀድሞው ሊያንስ ይችላል።

ከደመወዙም በላይ ሊጠየቅ የሚገባው ሥልጣን ነው። ሌሊት ሰው ሲጎድል ከኤጀንሲ ነርስ ማስመጣት የምትችለው እሷ ናት ወይስ ሌላ ሰው ማስፈቀድ አለባት? ካልቻለች፣ ክፍተቱን በራሷ ጉልበት እየሞላች በማግስቱ ስብሰባ ልትቀመጥ ነው። የፌዴራሉ ደንብ የነርሲንግ ዲሬክተር ደርቦ ቻርጅ ነርስ (የሺፍቱ ኃላፊ ነርስ) እንዲሆን የሚፈቅደው የቤቱ አማካይ የነዋሪዎች ቁጥር በቀን 60 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ብቻ ነው። ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ላይ መጫን ነዋሪውን እንደሚጎዳ ሕጉም ተረድቶታል። ሰው የመመደብ ሥልጣን የሌለው ማናጀርነት፣ ስሙ ምንም ቢያምር፣ እምቢ ሊባል ይገባል።

ሥልጣኑ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሲኤንኤ ሆና ሰው ያጠበች፣ ያገላበጠች ማናጀር አንዲት ረዳት ለስንት ነዋሪ በቂ እንደሆነች ከወረቀት አትጠይቅም፤ ወገቧ ያውቀዋል። እንዲህ ያለች ሴት ፕሮግራም አውጪ ብትሆን ለአዛውንቶቹ ትልቅ ነገር ነው። የሚያመነታም ሰው ነባሯ ማናጀር ዕረፍት ስትወጣ ተክቶ መሥራትን ሊጠይቅ ይችላል። ደስ ካላለው ወደ ቀድሞ ሺፍቱና ወደ ቀድሞ የሰዓት ክፍያው መመለስ እንደሚችል ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ያስይዝ።