ተመስገን የማይለው ግጥም

የቀድሞ ተማሪዎች እግዚአብሔርን ለማመስገን ሲሰበሰቡ የትኛው ግጥም ይነበብ? ነገሩ የመርሐ ግብር አስተባባሪ ጣጣ ይመስላል። የኮሪያውን ባለቅኔ የዩን ዶንግ ጁን ዕጣ ላየ ግን የሂስ ጥያቄ ነው።

ዩን ሦስት የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች «የእኛ ልጅ» የሚሉት ሰው ነው። በ1941 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ሶል ከሚገኘው ዮንሂ ኮሌጅ፣ ከዛሬው ዮንሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ተመረቀ። በ1942 ቶኪዮ ሄዶ ሪክዮ ገባ፤ በዚያው ዓመት ወደ ኪዮቶው ዶሺሻ ተዛወረ። አገሩ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ነበረችና በጁላይ 1943 ተያዘ፤ 2 ዓመት ተፈረደበት። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1945 በ27 ዓመቱ ፉኩኦካ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። በሕይወቱ አንድም መጽሐፍ አላሳተመም።

ዛሬ ዮንሴ ግቢ ከ1968 ጀምሮ፣ ዶሺሻ ግቢ ደግሞ ከ1995 ጀምሮ የግጥም ሐውልት ቆሞለታል። የዶሺሻውን ያቆሙት እዚያው የተማሩ ኮሪያውያን ናቸው። ሪክዮም በጸሎት ቤቱ ያስበዋል። በ2025፣ በ80ኛው ሙት ዓመቱ፣ ዶሺሻ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ደግ ነው፤ ማን ይቃወማል? ቅሬታችን ድንጋዩ ላይ በተጻፈው ነው። ሁለቱም ሐውልቶች የያዙት አንድ ግጥም ነው፤ የመጽሐፉን መግቢያ፣ ንጹሕ ኅሊናን የሚመኘውን። ውብ ነው፤ ለምስጋና ጉባኤም ይመቻል። የ1940ውስ የት ገባ?

የ1940ው ግጥም ርእሱ በእኛ አነጋገር «አንቀጸ ብፁዓን» ነው። ያነበብነው በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ለድሆች፣ ለየዋሆች፣ ለሚምሩ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው በረከት ይታደላል። ዩን ሌሎቹን ሁሉ አሰናበተና ሐዘንተኞቹን ብቻ አስቀረ። ስለ እነሱ የተባለውን ስምንት ጊዜ ደገመው፤ አንዲት ቃል ሳይለውጥ። ከዚያ በረከቱ ሲጠበቅ ማለቂያ የሌለው ሐዘን ሰጣቸው። በቃ፣ አለቀ።

ድግግሞሹን እንደ ስንፍና የሚያይ አይጠፋም። እኛ የሰማንበት የልቅሶ ቤት ድምፅ ነው፤ አልቃሽ አንድ ቃል ይዛ ስትመላለስበት ቃሉ ትርጉሙን ጥሎ ዜማው ብቻ እንደሚቀረው ማለት ነው። የበለጠ የያዘን ደግሞ የእጅ ጽሑፉ ነው። ወንጌሉ ለሐዘንተኞች ተስፋ የሰጠበትን ቃል፣ መጽናናትን፣ ጽፎ ሰርዞታል። እምነት የሌለው ሰው እኮ መጀመሪያውኑ አይጽፈውም!

«ታዲያ ገጣሚው ራሱ ትቶት የለም እንዴ?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ በ1941 ራሱ መርጦ፣ በእጁ በ3 ቅጂ በጻፋቸው 19 ግጥሞች መካከል ይህ የለም። ነገር ግን ያንኑ ስብስብ መጀመሪያ «ሆስፒታል» ሊለው አስቦ እንደነበር የኮሌጅ ጓደኛው ጆንግ ብዮንግ ኡክ ተናግሯል። ዓለሙን ሁሉ ታማሚ አድርጎ ያየ ሰው ሐዘኑን ደበቀ አይባልም። ከ3ቱ ቅጂዎች የተረፈው ለጆንግ የሰጠው ነው፤ ልጅዋ ወደ ጦር ሲወሰድ እናትዮዋ ከቤቱ ወለል ሥር ሸሸገችው። በ1948 መጽሐፉ ለመታተም የበቃው በዚያ ነው። የተማሪ ጓደኝነት ለአምላክ የሚቀርብ ምስጋና ካለው፣ ለእኛ ከሐውልቱ ይልቅ ያ ወለል ይቀርባል።

አንድ ነገር እንጨምር። በዶሺሻው ድንጋይ ላይ ያለው የጃፓንኛ ትርጉም፣ ገጣሚው ስለሚሞተው ሁሉ የተናገረውን ወደ ሕያው ሁሉ መልሶታል ተብሎ ተወቅሷል። ሕያው ሁሉ ሟች ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ቢሆንም ሞት ከምስጋናው ውስጥ እንደ እንክርዳድ ሲለቀም እያየን ነው።

በአማርኛ ተመስገንን ጠግቦ የተነሣም ይለዋል፣ ቤቱ የተቃጠለበትም። ቃሉ አንድ፣ ድምፁ ሁለት። የምሩቃን ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው፤ ሕንፃውን፣ ዶክተሩን፣ ሚኒስትሩን ይቆጥርና ያመሰግናል። የዩን ግጥም ሁለተኛው ሰው ነው፤ ያውም አፉን ከፍቶ ቃሉ ገና ያልወጣለት።

እስቲ በሚቀጥለው ፌብሩዋሪ 16፣ ከመግቢያው ግጥም ቀጥሎ ይህኛው ይነበብ። ስምንቱም መስመር፣ አንድም ሳይዘለል፤ የመጨረሻውም ጭምር።