ጥናቱ ሜዳ ይውረድልን

መቼስ በአገራችን የስፖርት ሳይንስ የመመረቂያ ጽሑፎችን ያገላበጠ ሰው፣ ስለ ሴቶች እግር ኳስ የተጻፈውን መደምደሚያ ሳያነበው ያውቀዋል፤ የኅብረተሰቡ አመለካከት፣ የበጀት እጥረት፣ የሜዳ ችግር፣ የአሰልጣኝ እጦት። መጠይቅ ይበተናል፣ «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት ይደረጋል፣ መቶኛ ይሰላል። ከዚያ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥ» ይባልና ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። አለቀ!

እኔ የምለው፣ ጊንጪ ወይም ጉደር ላይ ኳስ ይዛ የወጣች ልጅ አመለካከቱን መች አጣችው? መንገድ ላይ ይነግሯት የለ! ያልተነገራት ሌላ ነው። የሴቶቹ ቡድን በሳምንት ስንት ሰዓት ሜዳ ያገኛል? ወንዶቹስ? ባለፈው ዓመት ስንት ልጆች በጉልበት ጉዳት ቀሩ? ይሄ በአስተያየት አይታወቅም፤ ይቆጠራል።

ኖርዌይ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ተመራማሪዎች ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 1,892 ልጃገረዶች የሚጫወቱባቸውን ክለቦች ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን ልምምድ ሲጀምር 20 ደቂቃ ያህል የተለየ ማሟሟቂያ ሠራ፤ ሌላው እንደ ልማዱ ቀጠለ። ማሟሟቂያውን በሠሩት ላይ የደረሰው ከባድ ጉዳት ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆነ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ማሟሟቂያው ከኳስ በቀር ይህ ነው የሚባል ዕቃ አይፈልግም። ሴት ተጫዋች ለጉልበት ጅማት መበጠስ ከወንድ ይበልጥ የተጋለጠች ናት፤ የቀዶ ሕክምናው ወጪ ለማይቀመስባት የገጠር ከተማ ልጅ ደግሞ ጅማቱ ተበጠሰ ማለት ኳሱ ቀረ ማለት ነው።

«አገሩ ድሃ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ለመቁጠር ግን ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ችሎታውም ቢሆን አልጠፋም፤ ብሔራዊ ቡድናችን እ.ኤ.አ. በ2004 በአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ ወጥቷል። መሠረት ማኒም እ.ኤ.አ. በ2015 የድሬዳዋ ከተማን የወንዶች ቡድን በፕሪሚየር ሊግ አሰልጥናለች።

አምቦ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ስፖርት ሳይንስም ይሰጣል። ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶና ባኮም ሩቅ አይደሉም። አንድ ተመራቂ ለአንድ ቡድን ይመደብና የውድድር ዘመኑን ሙሉ ይቁጠር፤ ልምምዱን፣ የሜዳ ሰዓቱን፣ ጉዳቱን። ሲጨርስ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ለመምህሩ ያስረክብ፤ ፍሬ ነገሩን ግን በአንዲት ገጽ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ለአሰልጣኙ ይስጠው። ያቺን ገጽ አሰልጣኙ በማግስቱ ልምምድ ላይ ካልተጠቀመባት፣ እኛ ጥናት ያልነው ለዲግሪ የተከፈለ ግብር ነው።