ሳነቴ ላይ የሚጎድለው ጉልበት
ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ለሞተር ሳይክል ጨካኝ ፈታኝ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣና በሐረና ጫካ በኩል እስከ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ካርቡራተር ያለውን የነዳ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል፤ ላይ ሲደርስ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ለዳገቱ ብሎ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ጂግለር ያሳነሰ ደግሞ ቆላ ሲወርድ ሞተሩ ይግልበታል።

ኢንጄክሽን ያለው ይህን በኮምፒውተሩ በራሱ ያስተካክላል። እንዲያም ሆኖ “ለከፍታ አስተካክልልኝ፣ ጉልበት ጨምርልኝ” የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ሳነቴ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አየሩ ከሌለ ቤንዚኑን የሚያቃጥለው ምንድን ነው? ሲሶ ያህሉ ጉልበት ይሄዳል፤ በኮምፒውተር አይመለስም።

የኔ ሥራ ኮምፒውተሩ የሚደርሰው መረጃ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ቁልፉን ከፍቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ ስካነሩ ላይ የግፊት ሴንሰሩን ንባብ አያለሁ። አዲስ አበባ ላይ ከ75 እስከ 78 ኪሎፓስካል ካሳየ ደህና ነው። 100 ካለ ግን ኮምፒውተሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ መስሎታል፣ ቤንዚኑንም በዚያው ልክ ያዛል። ቀስ ብለው ሲነዱ የጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ስለሚያርመው ስሕተቱ አይታወቅም። ዳገት ላይ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲሰጥ ግን አብዛኛው ኮምፒውተር የኦክስጅን ሴንሰሩን መስማት ይተዋል፤ ጥቁሩ ጭስ የሚመጣው ያኔ ነው።

አንዳንድ ሞተር የውጭውን ግፊት የሚለካው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱን አምባው ላይ አጥፍቶ ማስነሳት ይበቃል፤ ሐረና ሲደርሱም እንደዚያው። የታችኛውን መዝለል ይበልጥ ይጎዳል፤ በቀጭን አየር ልክ የሚረጭ ቤንዚን ለቆላ አየር ያንሳል፣ ሞተሩንም ያግላል። ሚኒሞው የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ ከፍታውን ከመውቀስ በፊት ስሮትሉ አካባቢ የተጋገረውን ካርቦን ማጽዳት ነው።

ቤንዚን የሚያስጨምሩ ትንንሽ ሳጥኖች ገበያ ላይ ሞልተዋል። ለደጋ ነጂ ከንቱ ወጪ ናቸው፤ እዚህ የጎደለው አየር እንጂ ቤንዚን አይደለም። እውነተኛ ለውጥ የፈለገ የፊቱን ፒኞን ከ15 ጥርስ ወደ 14 ያውርድ። ከፍተኛ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጎማው ላይ የሚደርሰው የመጎተት ኃይል ግን 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ዳገት ለሚወጣ ሰው ከዚህ የረከሰ ማስተካከያ አላውቅም።