አዋሳኟ

ዘሩን እንድፈልግለት የሚመጣ ሰው አንድ ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው። ከላይ ደጃዝማች ወይም ፊታውራሪ፣ ከታች የባለጉዳዩ ስም፣ መሐሉ ላይ ሰባት ስምንት ወንዶች በተርታ የወረዱበት። ባለፈው ዓመት የመጡት እናትም እንዲህ ያለውን ነበር የያዙት። የጎንደር ሰው ናቸው። የደብተር ቅጠል በአራት አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል።

«አያታችን ሲቆጥሩ ወንድሜ እየሰማ የጻፈው ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ አያትዎ ሲቆጥሩ ለማን ነበር የሚቆጥሩት?»

«ለዳኛ ነዋ ልጄ! ዕድሜያቸውን ሙሉ በርስት ሲሟገቱ አይደል የኖሩ?»

ፍለጋውን የጀመርኩት ከዚህች መልስ ነው። በዚያ አገር ዘር የሚቆጠረው ለወግ ብቻ አልነበረም። ርስት ከአቅኚው አባት የሚወርድ ድርሻ ነው። ድርሻውን የሚፈልግ ሰው ከአቅኚው አባት እስከ ራሱ ያለውን ሐረግ ችሎት ፊት ቆሞ ይቆጥራል፤ ባላንጣው ደግሞ የራሱን ይቆጥራል፤ ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ። አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በጎጃም ኖሮ ያጠናውን የርስት ሥርዓት በፈረንጆች 1973 በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ ቆጠራና ሙግት እንዴት እንደተቆራኙ በሰፊው ጽፏል። የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ የመቁጠሩም ምክንያት አብሮት ቀረ። ዛሬ በየቤቱ ተጣጥፎ የተቀመጠው ወረቀት ከመጨረሻዎቹ ተሟጋቾች አፍ የተረፈው ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ስም ላይ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ስም ያስጠራው ማን ነው፣ በመጠራቱስ ምን ያገኛል? ድርሻ እንዲያስገኝ የተጠራ ስም ያጠራጥረኛል። ተሟጋቹ ይዋሻል ማለቴ አይደለም። ሰው አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ ርስት ደግሞ በእናትም በአባትም ስለሚወረስ ከነዚህ መካከል ለዕለቱ ሙግት የሚበጀውን መስመር ይመርጣል። በሌላ ሰው ጉዳይ ውስጥ እግረ መንገዱን የተጻፈ ስም ግን ሌላ ነው። ዋስ፣ እማኝ ወይም አዋሳኝ ተብሎ የተጻፈ ስም እኔ ዘንድ ከማኅተም ይበልጣል። ስሙን ያጻፈው ሰው ከእርሱ የሚፈልገው የዘር ድርሻ የለምና።

እንዲህ ያለ ስም የሚገኘው ብራና ላይ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ውስጥ መሬት ሲሸጥ ወይም ሲናዘዙበት፣ ውሉ በቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ ባዶ ቅጠል ወይም ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። መጽሐፉ በግእዝ፣ ውሉ ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ነው። ሻጭና ገዢ፣ በወቄት ወርቅ ወይም በብር የተቆረጠ ዋጋ፣ ከዚያ ዋስና እማኝ ይደረደራሉ። አንባቢ ፈጥኖ የሚያልፈው ይህን ድርድር ነው፤ እኔ የምቀመጠው እዚያ ላይ ነው።

ዘመኑን ማወቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጸሐፊው «በዘመነ ሉቃስ፣ ራስ ዓሊ ሳሉ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። ዳግማዊ ራስ ዓሊ ከ1823 እስከ ሰኔ 1845 ዓ.ም. የአይሻል ጦርነት ድረስ ገዙ። የመጀመሪያዋን ዓመት ብንተዋት እንኳ 1827፣ 1831፣ 1835፣ 1839 እና 1843 ሁሉም ሉቃስ ናቸው። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ከተባሉ ግን፣ እሳቸው አገራችን የገቡት በ1834 ዓ.ም. ስለሆነ የፊተኞቹ ሁለት ይወድቃሉ። ከቀሩት ሦስት አንዱን ለመምረጥ የደብሩን አለቆች ቅደም ተከተል ማወቅ ግድ ነው። አንድ ሙሉ ሳምንት በአንዲት የአለቃ ስም ላይ ያሳለፍኩበት ጊዜ አለ፤ አልቆጨኝም።

የእትዬ አያት ከሞቱ በኋላ ሣጥናቸው ውስጥ የይግባኝ ወረቀታቸው ተገኘ። መሬቱ የሚገኝበት ደብር ስም ተጽፎበታል። በክረምት መግቢያ ወደዚያው ወጣሁ። ቄሰ ገበዙ ከዕቃ ቤት ስንክሳሩን በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ፤ ቅጠሉን የሚገልጡት እሳቸው፣ የማነበው እኔ። መጨረሻው ላይ፣ ንባቡ ካለቀበት በኋላ፣ የሁለት ሰዎች የመሬት ሽያጭ ተጽፏል። ከእትዬ ቤተሰብ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ወሰኑን ሲናገር ግን በላይ በኩል የሚያዋስነው የአንዲት እመት መሬት ነው ይላል፤ አባቷንም ይጠራል።

ስሟ ከወረቀቱ አራተኛው ስም ነበር፤ አባቷም ከእሷ በላይ የተጻፈው። እንደ ደስታ፣ እንደ ብርሃኔ ወንድም ሴትም ከሚጠራበት ስም ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ወንድ ነው ብሎ ነበር የሚያውቀው። ይግባኙን መልሼ አነበብኩት። አያትየው ሲቆጥሩ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ» እያሉ ነው የወረዱት፤ ወንድ ነው፣ ሴት ናት አላሉም። ባላንጣቸውም አልጠየቀም። ለምን ይጠይቃል? በእናት መውረስ ያልተለመደ ነገር አልነበረም፣ ሴትየዋም ማን እንደነበረች በዚያ ችሎት የማያውቅ አልነበረም። ወንድ ያደረጋት የእኛ ዘመን ነው። የራሳችንን ስም ከአባትና ከአያት ጋር እየጻፍን ስላደግን፣ ሐረግ ሁሉ ከወንድ ወደ ወንድ የሚወርድ ይመስለናል።

ሁሉም እንዲህ አይሳካም። ጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከአድባራቱ ጋር የጠፋው ብዙ ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ካከማቿቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ከ1860 ዓ.ም. በኋላ ለንደን ገብተው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው፤ ከነዚህም ውስጥ ከጎንደር አድባራት የተወሰዱ፣ በኅዳጋቸው የጎንደሬዎች የመሬት ውል ያለባቸው አሉ። የአያቱን ውል ለማንበብ ለንደን ድረስ መጻፍ ያለበት ሰው ሳይ ሆዴን ይበላኛል። ክፉ ቀን ደግሞ አለ፤ ከ1881 እስከ 1885 ዓ.ም. ባለው ረኀብ የከብት እልቂት፣ ስደትና ሞት ቤት ዘጋ። በዚያ ዘመን ያደገ ልጅ በሐረጉ ላይ «ልጅ» ተብሎ ሲጠራ፣ የሆድ ልጅ ይሁን የጡት ልጅ ሁለት ጊዜ አስቤ ነው የምጽፈው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሌላ ነው። በኑዛዜዎቹ ውስጥ ባሮች ከበሬውና ከመሬቱ ጋር ተቆጥረው ለወራሽ ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ በስም ተጠርተዋል፤ አባት ግን የላቸውም፣ የሚጠራላቸው አልነበረምና። ስለ ጌታው ቤት የተጠየቅኩት ጥያቄ ቢሆንም እነዚህን ስሞች ነጥዬ እጽፋቸዋለሁ። ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ ቢመጣ ምናልባት ያለችው መረጃ ያቺው ናት።

እትዬ የአራተኛይቱን ስም ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ሴት ናት እንዴ?» አሉ። ከዚያ «የክርስትና ስሟስ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ጸሎት ላይ ሊያስጠሯት።

ውሉ የዓለም ስሟን እንጂ የክርስትና ስሟን አይናገርም። ግን ያን ዕለት ቄሰ ገበዙ ስንክሳሩን ሲጠቀልሉ ተአምረ ማርያሙን ደግሞ አሳይተውኝ ነበር። በየተአምሩ መጨረሻ መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስም በቀይ ቀለም ይገባል፤ ባለቤቱ ሲለወጥ ግን ያው ስም ይፋቅና አዲሱ በላዩ ይጻፋል። ብራናው እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል፣ ጣት ሲነካው ይሻክራል። ቄሰ ገበዙ ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ዘንበል ሲያደርጉልኝ ከአዲሱ ስም ሥር «ወለተ» የሚለው ታየኝ፤ ቀጥሎ ያለው አልታየኝም።

«አባ፣ ሌላኛው ተአምር ላይ ያልተፋቀ ይኖር ይሆን?»

«ቁጥሩ ብዙ ነው ልጄ፤ ሁሉንም አላየሁት» አሉኝ። ቀኑ መሽቶ ነበር። መስከረም ላይ ተመልሼ እወጣለሁ።