ገርበብ ያለ በር፦ ማርታ ኩርታግና የአራት እጅ ፒያኖ

ፒያኒስቷ ማርታ ኩርታግና ባሏ፣ የሙዚቃ ደራሲው ጂዮርጂ ኩርታግ፣ አንድ ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአራት እጅ ሊጫወቱ ለኮንሰርት ሲወጡ ብዙ ጊዜ ታላቁን የመድረክ ፒያኖ ትተው፣ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆመውን ዓይነት አፕራይት ፒያኖ ይመርጡ ነበር። ማፈኛ ፔዳሉ ተረግጦ ድምፁ ይለዝባል፤ ፊታቸውም ወደ አዳራሹ ሳይሆን ወደ እንጨቱ ነው። አድማጩ ትኬት ቆርጦ የገባ ሳይሆን፣ በመንገዱ ሲያልፍ የሰው ቤት በር ገርበብ ብሎ አግኝቶ የቆመ ይመስላል።

ማርታ በ92 ዓመቷ ቡዳፔስት ውስጥ ያረፈችው በጥቅምት 2019 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ እሷ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ «የደራሲው ሚስት» ብሎ ይጀምራል። ሐሰት አይደለም፤ በ1947 ተጋብተው ከሰባ ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል። ነገር ግን የፒያኖ መምህርት ነበረች፤ ባሏ የጻፈውንም ከማንም በፊት ሰምታ የምትፈርደው እሷ ነበረች። የእኔ ሙግት ይህ ፍርድ ከጓዳ ወጥቶ መድረክ ላይ ይሰማል የሚል ነው። የሁለቱ አግዳሚ ወንበር የመማሪያ ክፍል ነበር፤ መምህሩ የትኛው እንደሆነ ግን ከሐረግ ሐረግ ይለዋወጣል።

የአራት እጅ ሙዚቃ ከጥንትም መምህርንና ተማሪን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ የኖረ ዘርፍ ነው። ሹበርት በሞተበት በ1828 የጨረሰውን የኤፍ ማይነር ፋንታሲ ያበረከተው ለተማሪው ለካሮሊን ኤስተርሃዚ ነው። ዲያቤሊ ደግሞ በኦፐስ 149 መለማመጃዎቹ ለተማሪው አምስት ኖታ ብቻ ይሰጠዋል፤ ከባዱን ሥራ መምህሩ ይሸከማል። በልማድ ፔዳሉን የሚረግጠው በግራ የተቀመጠው ነው፤ የቀኙ ተጫዋች የገዛ ድምፁ መቼ እንደሚቆረጥ በጎረቤቱ እግር ይወሰንበታል። የሥልጣን ድልድሉ ግልጽ ነው።

ኩርታግ ይህን ድልድል አፈረሰው። «ያቴኮክ» የተባለውን የፒያኖ ስብስብ በ1973 ሲጀምር መነሻው ልጆች ነበሩ፤ ፒያኖ ገና መጫወቻ የሆነላቸው፣ በመዳፍም በክርንም የሚነኩት። በ1979 ከታተሙት አራት ቅጾች የመጨረሻው ለአራት እጅና ለሁለት ፒያኖ የተጻፈ ነው። ርእሱ በሀንጋሪኛ «ጨዋታዎች» ማለት ነው። በዚህ ቃል አማርኛችን የታደለ ይመስለኛል፤ ልጅ ይጫወታል፣ ክራር ደርዳሪ ይጫወታል፣ ቡና ላይ የተቀመጡ ጎረቤታሞችም ይጫወታሉ። ሁለቱን ኩርታጎች ለሚሰማ ሰው ከሦስቱ ፍቺዎች ቀድሞ የሚመጣው የቡናው ነው። አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበላል፤ ዝም የሚባልበት ጊዜም አለ፤ ዝምታው ግን ማንንም አያስጨንቅም።

ይህ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ኩርታግ ለአራት እጅ ባዛወረው የባህ ሶናቲና ነው። ሶናቲናው ለቀብር ሥርዓት እንደተጻፈ የሚታመነው የ106ኛው ካንታታ መግቢያ ነው። በመጀመሪያው ድርሰት ሁለት ሬኮርደሮች ከሁለት ቪዮላ ዳ ጋምባዎች በላይ ይዘምራሉ፤ አንዱ ኖታውን ይዞ ሲቆይ ሌላው እዚያው አጠገቡ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። በትንፋሽ መሣሪያ ይህ ቀላል ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ኖታ ላይ ያለ ችግር ይገናኛል። ፒያኖ ላይ ግን ለአንድ ድምፅ ያለው ቁልፍ አንድ ነው፤ አንዱ ጣት ሳይነሳ ሌላው አያርፍም። ስለዚህ ዜማው ያለ ማቋረጥ የሚፈሰው አንዱ ጣት ለሌላው ቦታ ሲለቅ ነው። ሌሎች ጥሩ ፒያኒስቶች ይህንኑ ኖታ ሲጫወቱ ሰምቻለሁ፤ ንጹሕና ሚዛኑን የጠበቀ ነው፤ መልቀቁ ግን ተቆጥሮ የተጠና ይመስላል። ከማርታና ከጂዮርጂ ዘንድ ቆጠራው አይሰማም።

ኩርታግ በሊስት አካዳሚ ለረጅም ጊዜ ያስተማረው ድርሰት አልነበረም፤ ፒያኖና የቻምበር ሙዚቃ ነው። ፒያኒስቶቹ ዞልታን ኮቺሽና አንድራሽ ሺፍ በእጁ አልፈዋል። በአንዲት ሐረግ ላይ እስኪያሰለች የሚቆይ መምህር መሆኑ የታወቀ ነው። ስለ ጥብቅነቱ ብዙ ተጽፏል። ያው ጥብቅ ጆሮ በበኩሉ የሚጠብቀው ሌላ ጆሮ እንደነበረ ግን ጥቂቶች ብቻ ያነሳሉ፤ እሱም ቀን ከሌት ከጎኑ የነበረው የማርታ ጆሮ ነው።

በመስከረም 2012 ፓሪስ ውስጥ በሲቴ ዴ ላ ሙዚክ ያቀረቡት ኮንሰርት ለሟች ወዳጃቸው መታሰቢያ ነበር፤ ተቀርጾም ወጥቷል። ያን ቅጂ ዛሬ የሚከፍት ሰው ለሌላ ሟች የተጫወቱትን ኀዘን ለማርታ ይሰማዋል። ድምፁ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ገና ከመጀመሪያው ሐረግ ጨምር ጨምር ያሰኘኛል። አንድ ጊዜ ጨምሬው ነበር፤ ፒያኖው ቀረበኝ፣ ቤቱ ግን ጠፋ። ወደ ነበረበት መለስኩት።