አፍንጫችሁን ይዛችሁ ከረሜላ ጉረሱ!

ኧረ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም! አሁኑኑ ወደ ሱቅ ላኩና የብርቱካን ከረሜላ አስገዙ። የእንጆሪም ይሁን፣ የአናናስም ይሁን፣ ብቻ ፍሬ ፍሬ የሚል ይሁን! ዓይናችሁን ጨፍኑ። አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ግጥም አድርጋችሁ ያዙ። ከዚያ ከረሜላውን ጉረሱና ምጠጡት። ምን ቀመሳችሁ? ስኳር! ትንሽ ኮምጠጥ ቢል ነው። በቃ! ብርቱካን ነው ወይስ አናናስ ብትባሉ ግራ ይገባችኋል። እሺ፣ አሁን አፍንጫችሁን ልቀቁት!

አያችሁ? አያችሁልኝ? ብርቱካኑ ከየት መጣ? እንዴት ከመቅጽበት አፍ ሞላ! ከረሜላው ያው ነው፣ ምላሳችሁም ያው ነው። የተከፈተው አፍንጫችሁ ብቻ ነው!

ይህን ካወቅኩ ወዲህ የምቀምሰው ነገር ሁሉ አዲስ ሆኖብኛል። እህቴ «አንቺ፣ ምን ነካሽ?» እስክትለኝ ድረስ፣ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አፍንጫህን ያዝ፣ አፍንጫሽን ያዢ እላለሁ። ጉዱ እኮ እዚህ ላይ ነው፤ ምላስ የሚለየው አምስት ጣዕም ነው! ጣፋጭ፣ ጨዋማ፣ ኮምጣጣና መራራ። አምስተኛውን የጃፓኑ ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር አረም መረቅ ውስጥ አግኝቶ «ኡማሚ» አለው። ደህና የሥጋ መረቅ ስንጠጣ ምራቅ የሚያስውጠን እሱ ነው! ደግሞ ጣፋጩን ጫፉ ላይ፣ መራራውን ከኋላ ብቻ የሚያሳየውን የምላስ ሥዕል እርሱት። ስኳር ምላሳችሁ ዳር ላይ ጣል አድርጉ። ይጣፍጣል!

የቀረው ሁሉ፣ ቀረፋው፣ ኮረሪማው፣ ማሩ፣ ጠጁ፣ የንጥር ቅቤው ቅመም፣ ሁሉም የአፍንጫ ሥራ ነው። አፍንጫ የጓሮ በር አለዋ! ስናኝክና ስንውጥ ሽታው በጉሮሮ በኩል ሽቅብ ይወጣና ከኋላ ይገባል። እዚያ፣ ከአፍንጫችን ውስጥ ወደ ላይ ከፍ ብሎ፣ ሽታ የሚለዩ ሕዋሳት ይጠብቁታል። ሰው ወደ 400 የሚጠጉ ዓይነት የሽታ መቀበያዎች አሉት! አራት መቶ! ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክስል የእነዚህን መቀበያዎች ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ1991 አገኙ፣ በ2004 የኖቤል ሽልማት ወሰዱበት። ይገባቸዋል! አንዱ ሽታ ጥቂቶቹን በአንድነት ይቀሰቅሳል፣ ሌላው ሌሎቹን፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱም ቀላቅሎ። ቅንብሩ ማለቂያ የለውም! ሽታው ወደ አንጎል ሲዘልቅም ስሜትና ትዝታ ወደሚያድሩበት ክፍል በአቋራጭ ይገባል። ዕጣን ሲሸተን ሳናስበው አያታችን ቤት የምንገኘው ለዚህ ነው!

አሁን ቡና! አቤት ቡና! የተቆላ ቡና ውስጥ ከ800 በላይ የሚተኑ ንጥረ ነገሮች አሉ። አቦሉን ቅዱና አፍንጫችሁን ይዛችሁ ፉት በሉ። እናቴን አስሞከርኳት። «ይሄማ ምኑ ቡና ነው፣ መራራ ሙቅ ውሃ!» አለች። «እማዬ፣ ልቀቂው!» አልኳት። ለቀቀች። ዓይኗ ቦግ አለ! ጤና አዳም ጣል አድርጋ ደገመችው። ጤና አዳሙ አፍንጫ ሲያዝ የለም፣ ሲለቀቅ ከች! እንደገና ያዘች፣ እንደገና ለቀቀች። «ቶናውንም እንዲሁ እንጠጣው!» አለች።

ቆዩ፣ ቆዩ፣ ገና ነው! አፍንጫችሁን እንደያዛችሁ ሚጥሚጣ ቅመሱ። እንዴ! አፍንጫ ተዘግቶም ያንገበግባል! ምክንያቱም ማቃጠሉ ጣዕምም አይደለም፣ ሽታም አይደለም። አፋችንና ቆዳችን ውስጥ ያሉ ነርቮች ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀት ሲነካቸው የሚከፈት መቀበያ አላቸው። በርበሬና ቃሪያ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ይህንኑ መቀበያ ይከፍተዋል! አንጎል «እሳት!» ይላል። ላብ በግንባር ይንቆረቆራል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ዓይን ያነባል። እሳት ግን የለም! ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መቀበያውን እ.ኤ.አ. በ1997 አገኙት። ጁሊየስ በ2021 ኖቤል ተሸለመ። የቃሪያን ጉድ አወቀና ኖቤል!

ክትፎ ጎን ያለችውን አይብ ደግሞ ዛሬ በአዲስ ዓይን እዩልኝ። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ ስንት ብርጭቆ ብትጠጡ ዋጋ የለውም። ወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የተባለ ፕሮቲን ግን ካፕሳይሲኑን ይይዘዋል። አይብ ደግሞ ኬዚን የረጋበት ነው! እናቶቻችን እንዴት ያለ ነገር ነው ያጣመሩት! አንድ ጉርሻ ክትፎ በሚጥሚጣ፣ ከዚያ አይብ፣ ቃጠሎው እፎይ ሲል ደግሞ ክትፎ። ወይኔ!

ዶሮዎችስ! ግቢ ውስጥ የተሰጣ በርበሬ ዶሮ ለቅማ ምንም ሳይመስላት ስትሄድ አይታችኋል? አትቃጠልማ! የወፎች መቀበያ ለካፕሳይሲን አይከፈትም። የዱር ቃሪያ ዘሩን የሚበትንለት በወፍ ነው፤ አጥቢ እንስሳን አባርሮ ወፍን ይጋብዛል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

ሚጥሚጣ ያለ እሳት ካቃጠለ፣ ያለ በረዶ የሚያቀዘቅዝስ? አለ! ሚንት ማስቲካ! ሜንቶል ብርድ የሚለየውን የነርቭ መቀበያ ይከፍታል፤ አንጎልም «ብርድ!» ይላል። ማስቲካውን ደህና አድርጋችሁ አኝኩ፣ ከዚያ አየር በአፋችሁ ሳቡ። ጉሮሮ ድረስ ቅዝዝ! አሁን በላዩ ውሃ ተጎንጩበት። ጥርስ ይነክሳል፣ ድድ ይደነዝዛል፣ ደረት ድረስ ይወርዳል! ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ውሃ መሰላችሁ? የቧንቧ ነው፣ የቧንቧ! በማርያም ሞክሩት!