ከግምቱ ሥር የተጻፈው ምክንያት

የውድድር ዘመን ሊጀመር ሲል የጻፍኩትን ግምት ዘመኑ ሲያልቅ መልሼ ሳነብ፣ ቀድሜ የማየው ዋንጫውን ማን እንደወሰደ አይደለም። ስለ ሱዳን እግር ኳስ ለሚጽፍ ሰው ይህ መለኪያ ብዙ አይነግረውም። እ.ኤ.አ. በ1992 የፖርት ሱዳኑ ሂላል ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ በ2023 ጦርነት እስኪነሳ ድረስ ሊጉን ያሸነፉት ሁለቱ የኦምዱርማን ክለቦች፣ አል ሂላልና አል ሜሪክ፣ ብቻ ናቸው። ኳስ አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ከሁለቱ አንዱን ቢጠራ የመምታት ዕድሉ ሰፊ ነው።

የማየው ከስሙ ሥር የጻፍኩትን ምክንያት ነው። ምክንያቱም ቢሆን ሊፈርስ በሚችል መልኩ መጻፍ አለበት። «ሂላል ጠንካራ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ውጤት አይፈርስም፤ ስለዚህ ምንም አያስተምርም። «ሂላል በሜዳው አይሸነፍም፣ ከሜዳው ውጪ ግን ይቸገራል» ካልኩ ግን እያንዳንዱ ጨዋታ ይፈትነዋል።

የ2022/23 ዘመን ይህን ምክንያት ሲፈትን ካርቱም የነበርን ኢትዮጵያውያን በቅርብ አይተናል። በመስከረም 2022 በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሂላልን ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ። ኦምዱርማን ላይ ሂላል 1 ለ 0 ረትቶ፣ ከሜዳው ውጪ ባስቆጠረው ጎል አለፈ። በምድቡም የግብፁን አል አህሊን በሜዳው 1 ለ 0 አሸንፎ፣ ከደቡብ አፍሪካው ሰንዳውንስ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። በመጨረሻው ጨዋታ ለማለፍ አቻ መውጣት ይበቃው ነበር፤ ካይሮ ላይ 3 ለ 0 ተሸነፈ። ከአህሊ ጋር እኩል 10 ነጥብ ይዞ ወደቀ። ምክንያቱ ከሞላ ጎደል እንደተጻፈው ቆመ።

ያ ጨዋታ ሚያዝያ 1 ቀን 2023 ነበር። ሚያዝያ 15 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ። ሊጉ ተቋረጠ፣ ተጫዋቹም ደጋፊውም ተበተነ። ከዚያ ቀን ወዲህ የዚያን ዓመት የዋንጫ ግምት ትክክል ነው፣ ስህተት ነው ማለት ትርጉም የለውም። የሚያሳዝነኝ ግምቱ አይደለም፤ ሐሙስና ዓርብ ስለ ሂላልና ሜሪክ እየተከራከሩ የነበሩ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት የተኩስ ድምፅ መስማታቸው ነው።

ምክንያቱ ግን ሌላ ፈተና ገጠመው። በ2024/25 ሂላል በእንግድነት በሞሪታኒያ ሊግ ይጫወት ነበር፤ የአፍሪካ የ«ሜዳው» ጨዋታዎቹንም ያደረገው ኑዋክሾት ላይ ነው። የኦምዱርማን ደጋፊ የለም፣ የለመደው ሣር የለም። ሆኖም ያንግ አፍሪካንስን ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ ጀመረና ቲፒ ማዜምቤና ኤምሲ አልጀርም ያሉበትን ምድብ በ10 ነጥብ በአንደኝነት ጨረሰ። ሩብ ፍጻሜ ላይ አህሊ በሁለቱም ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፎ አስቀረው።

ሜዳው የሰጠው የመሰለን ጉልበት ከፊሉ የአሰልጣኙ ነበር ብዬ አምናለሁ። ፍሎረን ኢቤንጌ በ2022ም በዚያ ዘመንም ቡድኑን ይዟል፤ ሜዳው ሲጠፋ እሱ አልጠፋም። ሁለቱ አብረው በነበሩበት ዓመት የትኛው ምን እንዳደረገ መለየት አይቻልም ነበር። ከዚህ ወዲህ ግምት ስጽፍ ሜዳን፣ አሰልጣኝንና ዝውውርን በየራሳቸው መስመር አስቀምጣለሁ፤ ከእያንዳንዳቸው አጠገብም የትኛው ውጤት ሐሳቤን እንደሚያስቀይረኝ፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ እጽፋለሁ።